ማንም ያልሞተበት ፊልም

እኔ መዋሸት አልችልም። ይህን የምለው ጻድቅ ነኝ ለማለት አይደለም፤ ቢሆንልኝማ ደስ ብሎኝ እዋሽ ነበር። ስዋሽ ድምፄ ይቀጥናል፣ አንገቴ ይቀላል፣ እጄ ደግሞ የማያገባው ቦታ ገብቶ የሰው ዕቃ ማስተካከል ይጀምራል። አንድ ቀን ሥራ አርፍጄ "ትራፊክ ይዞኝ ነው" ስላት አሠሪዬ ደንግጣ ወንበር ስባ ውሃ አጠጣችኝ። የታመምኩ መስሏት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን ፍጡር ነው የሎስ አንጀለሱ የፌርፋክስ ሰፈር ሀበሻ ተመካክሮ ለአራት ሰዓት ያህል ሳታቋርጥ እንድትዋሽ የላካት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሄለን ደወለችልኝ። ሄለን የእትዬ በላይነሽ ልጅ ናት፤ ነርስ ናት፤ የምትደውለው ከሆስፒታሉ ደረጃ ሥር ተደብቃ ነበር።

"አጎቴ አረፈ" አለችኝ። "እማዬ አልሰማችም።"

አጎቷ ማለት የእትዬ በላይነሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ ደሴ የሚኖረው። እናታቸው ስትሞት እትዬ ራሳቸው አዝለው ያሳደጉት አንድ ወንድማቸው።

"ስልኳን ስክሪኑን ላሠራልሽ ብዬ ወስጄባታለሁ። ሺፍቴን የሚይዝልኝ ሰው ግን አጣሁ። ጋሼ ተፈራ ሰዎቹን ሰብስበው በአምስት ሰዓት ይመጣሉ፤ እኔም ያን ጊዜ እደርሳለሁ። እስከዚያ ከቤት እንዳትወጣ፣ ሰውም እንዳያገኛት አድርጊልኝ። በናትሽ።"

(አምስት ስትል በፈረንጁ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። እዚህ አገር ከመጣን ሰዓታችንም ወረቀቱን ቀይሯል።)

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። እዚህ ጎህ ሲቀድ ግማሹ ሰው ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው፣ ግማሹ ከናይት ሺፍት ወጥቶ መኪናው ውስጥ እያንቀላፋ ነው። ሶ፣ የሎስ አንጀለስ መርዶ ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው፤ እሱም ፓርኪንግ ከተገኘ። የዚያን ቀን ደግሞ ቄሱ ኖርዝ ሆሊውድ ሰርግ ላይ ነበሩ።

ሥርዓቱን ግን ማንም አያፈርስም። እንዲከበር ያደረጉትም ራሳቸው እትዬ በላይነሽ ናቸው። ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ የአባቷን ሞት አውቶቡስ ውስጥ በስልኳ አየችው፤ አንድ የሩቅ ዘመድ ፎቶውን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎት። ወርዳ ዊልሸር መንገድ፣ ፌርማታው ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀምጣ ስትጮህ አላፊው ሁሉ ሌላ ነገር መስሎት ራቅ ብሎ ያልፋት ነበር። እትዬ ይህን ሲሰሙ "ሰው መርዶውን ለብቻው አይሰማም፤ እኔ እያለሁ አይሆንም" አሉ። ከዚያ ወዲህ አዛዥ እሳቸው ናቸው። ማን ስልክ እንደሚደብቅ፣ ማን በር ላይ እንደሚቆም፣ ማን ውሃ እንደሚይዝ የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። አንዱን ሰውዬማ ሰው እስኪሰበሰብ "ሶፋ አግዘኝ" ብለው ከሦስተኛ ፎቅ አስወርደው፣ "ታች አላማረኝም" ብለው መልሰው አስወጥተውታል።

እኒህን ሴትዮ ነው እኔ የማታልለው። ባልችልስ? ባልችል ስሜ "ያረዳቻቸው እሷ ናት" ሆኖ ይቀራል፤ ይህ ስም ደግሞ ከሰፈሩ አልፎ ካልቨር ሲቲ ድረስ ይከተለኛል። ከስሜ በላይ ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። ስንቱን ሰው መሀል አስቀምጠው፣ ደግፈው፣ አቅፈው መርዶውን ያሰሙ ሴት የራሳቸውን ከእኔ ከአንዷ አፍ ሳሎን ውስጥ ለሁለት ሆነን ሊሰሙት ነው።

ዘዴዬ ፊልም ነበር።

እትዬ የኮሪያ ድራማ ይወዳሉ። እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይሆንላቸው ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ እኔ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ለነገሩ እኔም እንግሊዝኛ የተማርኩት ክፍል ገብቼ አይደለም፤ ከፊልም ግርጌ ነው። ያን ያህል ስለለመድኩት ሰው ሲያናግረኝ ደረቱ አካባቢ ጽሑፍ የምፈልግበት ጊዜ አለ። የምሠራው ኦሎምፒክ መንገድ ላይ ባለው የአንዲት ኮሪያዊት ላውንደሪ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ካውንተሩ ሥር ዲቪዲ የሞላ ቅርጫት አለ፤ ዓርብ ዓርብ አንድ አንድ ይዤ እሄዳለሁ። የዚያን ሳምንት የወሰድኩት ሽፋን ላይ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጃንጥላ ሥር ቆመው ይስቃሉ። ከጀርባው የተጻፈውን አላነበብኩም። ለምን አነባለሁ? ጃንጥላ ካለ ፍቅር አለ። (ሰኞ ዕለት አሠሪዬ ስታየው "ይሄ የኔ አይደለም፣ የባሌ ነው፤ እኔ ግማሹን ዓይኔን ሸፍኜ ነው የጨረስኩት" አለችኝ። ሰኞ!)

ከቀኑ በፈረንጁ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ።

"ዛሬ ምን እግር ጣለሽ?" አሉ እትዬ። "ቅዳሜ ሥራ አልነበረሽም?"

"ኦፍ ነኝ፣ እትዬ።"

"ድምፅሽ ምነው?"

"ኤሲ ነው።"

"እኔ ቤት ኤሲ መች አለ?"

ወዲያው እጄ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ዳንቴል ያቃና ጀመር። እሳቸው ጫማ እያደረጉ ነው። "ጥሩ ሆነ መጣሽ፤ ነይ ወርደን ሽሮ እንግዛ።" መውረድ ማለት ፌርፋክስ ነው፤ ፌርፋክስ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሰምቷል። ባለሱቋ ገና ስታያቸው ከካውንተር ወጥታ አንገታቸው ላይ ትጠመጠማለች፤ እሷ ሰው ሲወልድም እንደዚያው ናት። "እትዬ፣ አዲስ ፊልም ይዣለሁ። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው" አልኩ። ጫማቸውን አወለቁ። ቡናው ተፈልቶ ሦስተኛው ተጠጥቶ ፊልሙ ሲከፈት ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

መጀመሪያው እንዴት ደስ ይል ነበር! ታላቁ ልብስ ሰፊ ነው። ታናሹን እንደ ልጅ ያሳድገዋል፤ ሱሪውን ያሳጥርለታል፤ ሾርባውን ከራሱ ሳህን ቀንሶ ይጨምርለታል።

"እየው፣ እየው" ይላሉ እትዬ። "ልክ እኔና ወንድሜ። አስተማሪ ሆኖ እንኳ ቁልፉን የምተክልለት እኔ ነበርኩ።"

እኔ የተቀመጥኩበት ሶፋ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ አንድ ጥቁር መኪና መጣ። ሱፍ የለበሱ ሰዎች ወርደው ታናሹን በቦክስ፣ በእርግጫ፣ በብረት አደረጉትና ከድልድይ ላይ ወደ ወንዝ ወረወሩት። ከዚያ አንዱ ሲጋራውን ለኩሶ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ጽሑፉ መጣ። ሞቷል ይላል።

"ምን አለ?" አሉ እትዬ፣ ደረታቸውን ይዘው።

አስቡት እስቲ። በዚያች ቤት፣ በዚያን ቀን፣ "ወንድምየው ሞተ" የሚለው ቃል ከኔ አፍ ሊወጣ ነው?

"ውጭ አገር ሄደ አለ።"

"እንዴት ውጭ አገር ይሄዳል? ወንዝ ውስጥ ጣሉት እኮ!"

"በመርከብ ነው፣ እትዬ።"

"መርከቡ የታለ?"

"ወደፊት ነው ያለው። እየዋኘ ይደርስበታል።"

አንዴ ውሸት ከጀመሩ ማቆሚያ የለውም። ቀጣዩ ትዕይንት ለቅሶ ነበር፤ የታናሹ ትልቅ ፎቶ ጥቁር ሪባን ተደርጎበት ነጭ አበባ መሀል ተቀምጧል፤ ሰው እየገባ ይሰግዳል፤ ታላቁ መሬት ላይ ተደፍቶ ይጮኻል።

"ይሄስ ምንድን ነው?"

"ሽኝት ነው።"

"ሰውዬው ከሄደ በኋላ?"

"ድንገት ስለሄደ አልደረሱበትም፤ ለፎቶው ነው የሚያደርጉት።"

እትዬ ለቅሶውን አዩት። ለቅሶ አዋቂ ስለሆኑ ከዓይናቸው አንድም ነገር አያመልጥም። ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ፣ ማን ለመታየት እንደመጣ በጣታቸው ለዩልኝ። "እኔን ቦሌ ድረስ በሁለት ሚኒባስ ነው የሸኙኝ" አሉ በመጨረሻ። "እንዲህ አንጀቱ እስኪበጠስ ያለቀሰልኝ ግን አልነበረም። ወንድሜ እንኳ ሻንጣዬን ሲያስመዝን ነበር።"

ከዚያ በቀሉ ጀመረ። ልብስ ሰፊው ትልቁን መቀሱን ሳለ። ያንን ድምፅ አሁንም ሥራ ቦታ መቀስ ባየሁ ቁጥር እሰማዋለሁ። ሱፍ ለባሾቹን አንድ በአንድ እየፈለገ "ልክህን ልውሰድ" እያለ ያስጠጋቸዋል። ሜትሩን ትከሻቸው ላይ ይዘረጋል፣ ያጠብቃል፣ ከዚያ... እናንተም እኮ ልብ አላችሁ፤ አልነግራችሁም።

"ምን አድርገውት ነው?" አሉ እትዬ። "ለምንድን ነው እንዲህ የጨከነባቸው?"

እውነትም ለምን? ወንድምየውን ያልገደሉ ሰዎችን ለምን በመቀስ ይወጋል? ምክንያት ያስፈልገኝ ነበር፤ ምክንያቱም ከየት እንደመጣ ሳላውቀው መጣ።

"የወንድምየውን ፕሮሰስ ያበላሹት እነሱ ናቸው። ቪዛው መጥቶ ነበር፤ ደብቀው ለራሳቸው ሰው ሰጡበት። ለዚህ ነው በወንዝ የሄደው።"

"ለቪዛ ነው ይሄ ሁሉ?"

"የአሜሪካ ቪዛ ነው እኮ፣ እትዬ።"

አሰቡበት። "እሱስ ልክ ነው" አሉና ወደ ፊልሙ ተመለሱ። ከዚያ በኋላማ ለልብስ ሰፊው ያግዙ ጀመር። "ያኛው ነው! ያ መላጣው ነው ፋይሉን የያዘው!" ይላሉ። አንድ ቦታ ላይ ሰውዬው በደም የተነከረ ሸሚዙን ፍል ውሃ ውስጥ ሲዘፈዝፈው ሁለታችንም አንድ ላይ ጮህን። ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚለቀው፤ ፍል ውሃ ያስርበታል። እኔ ይህን በሙያዬ አውቀዋለሁ፤ እሳቸው ልጅ አሳድገው ያውቁታል። ልብስ ሰፊ ሆኖ ይህን አለማወቁ ከገደላቸው ሰዎች ሁሉ በላይ አስቀየመን። ይቅርታ፣ ከወጋቸው። ማንም አልሞተማ።

"ይሄ ግን ተነሥቶ አያውቅም" ይላሉ እትዬ።

"ተኝቷል።"

"ዓይኑ ተገልጦ?"

"እንደዚህ የሚተኛ ሰው አለ። የኔ አጎት እንደዚህ ነበሩ።"

"ከፎቅ የተጣለውስ?"

"ሆስፒታል ወስደውታል።"

"ያ መኪና ውስጥ የተቃጠለውስ?"

"እሱም እዚያው ነው። ከፎቅ ከተጣለው ጋር አንድ ክፍል ናቸው።"

"ምን ዓይነት ሆስፒታል ነው ይሄን ሁሉ ሰው የሚይዘው?"

"ኢንሹራንስ አላቸው፣ እትዬ።"

እዚህ ላይ ስልኬ ነዘረ። ጋሼ ተፈራ ናቸው። ጋሼ ተፈራ ታክሲ ሲነዱ አርጅተው፣ አሁን ጡረታቸውን ሰው በማስታረቅ የሚያሳልፉ ሽማግሌ ናቸው፤ መልእክታቸውም እንደ ቴሌግራም አጭር ነው። "ሙሽሮቹ ዘገዩ። ቄሱ አልተነሡም። አቆዪያት።"

ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። እትዬ ለውሃ ወደ ኩሽና ብቅ ሲሉ ሪሞቱን አነሣሁና ግማሽ ሰዓት ወደኋላ መለስኩት። ተመልሰው ተቀመጡ፤ አዩ፤ መነጽራቸውን ጠረጉ፤ ደግመው አዩ።

"ይሄን መላጣ ቅድም ወግቶት አልነበረም እንዴ?"

"ድኖ ወጣ። አሁን ደገመው።"

"በዚያው ልብስ?"

"አስጥቦት።"

ሌላ መልእክት። "ደርሰናል። ፓርኪንግ የለም።" ቆየት ብሎ ሌላ። "ጥግ ላይ ነን። ሄለንም መጥታለች። ቄሱ ብቻ ቀሩ።" ኋላ እንደሰማሁት አሥራ አምስት ሰው ጥቁር ለብሶ የመንገዱ ጥግ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ አንድ ፈረንጅ መኪናውን አቁሞ ለየትኛው ፊልም እንደሆነ ጠይቋቸዋል፤ ጋሼ ተፈራም ከዘራቸውን ተደግፈው "ላልተጀመረ" ብለውታል።

የኔው ፊልም ግን መጨረሻው ላይ ደረሰ። በረዶ ይጥላል። ልብስ ሰፊው አንድ ጉብታ አፈር አጠገብ ተንበርክኳል፤ ጉብታው ላይ የታናሹ ፎቶ አለ። ሰውዬው አዲስ የሰፋውን ኮት ከወረቀት አውጥቶ አፈሩ ላይ ያለብሰዋል፣ ጫፍና ጫፉን ይስባል፣ ትከሻው ጋ ያስተካክላል።

አፌን ከፈትኩ። ይሄንንስ ምን ልበለው? አትክልት ቦታ? ኤርፖርት?

እትዬ ሪሞቱን ከእጄ ወሰዱ። ፊልሙን አቆሙት።

"አንቺ ልጅ" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለት ሰዓት ከምናምን ሙሉ ቆጥሬልሻለሁ። አሥራ አንድ ሰው ነው። በመቀስ ተወግቶ፣ ከፎቅ ተጥሎ፣ በእሳት ተቃጥሎ፣ አንዱ እንኳ አልሞተልሽም። ሰው ሞት የሚለውን ቃል ከአፉ እንዲህ የሚያሸሸው መቼ እንደሆነ እኔ አላውቅም? 'እርም ያለበት ቤት የሞት ወሬ አታንሡ' ብዬ ያስተማርኳችሁ እኔ አይደለሁ?"

እጄ ሄዶ የሶፋውን ትራስ ያስተካክል ጀመር።

"ማን ሞቶብኝ ነው?"

ልናገር ይሁን ላለቅስ እንጃ፣ ብቻ ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ብድግ ብለው አፌን በመዳፋቸው ያዙት። 

"አትንገሪኝ! ሰዎቹ የት ደርሰዋል?"

"ጥግ ላይ ናቸው።"

"ቆመው?"

"ቆመው።"

"ተፈራም? በዚያ ጉልበቱ?"

"እሳቸውም።"

"በይ እንግዲህ፣ አልሰማሁም። አንቺም አልነገርሽኝም። ሰው ሥራውን ጥሎ፣ የሚናገረውን አሰናድቶ መጥቶ በር ላይ 'ሰምቻለሁ' አይባልም። እነሱ ይናገሩ፣ እኔም ከነሱ ልስማ።" ተመልሰው ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ነጠላ ጫፉን ይጠቀልሉታል፣ ይፈቱታል። "ግን ዝም ብዬ ልቀመጥ አልችልም። አጫውቺኝ። ፊልሙን አሁን በእውነቱ ንገሪኝ። ያ መላጣው?"

"ሞቷል፣ እትዬ።"

"ነፍስ ይማር። ከፎቅ የተጣለው?"

"እሱም።"

"ነፍስ ይማር። የተቃጠለው ልጅ?"

"ሞቷል።"

"እሱስ ገና ልጅ ነበር። ነፍስ ይማር።"

እንዲህ እያልን አሥራ አንዱንም ገደልናቸው፤ ለእያንዳንዱ ወሮበላ ነፍስ ይማር ተባለለት። እንደዚያ ያለ ወግ ያለው ቀብር በሕይወታቸውም አያገኙት። ቀላል ቀላሎቹን ሁሉ ስንጨርስ እትዬ ስክሪኑ ላይ ወደቆመው በረዶ አዩ።

"ወንድምየውስ?"

ሁለት ሰዓት ከምናምን ያለ ዕረፍት የዋሸሁ ሴት እውነቱን እንድናገር ተፈቅዶልኝ አንዲቷን ቃል ማውጣት አቃተኝ። ሆስፒታል ልል አልቻልኩ፤ መርከብ ልል አልቻልኩ። ሌላውንም ልል አልቻልኩ። እሳቸው ጠበቁኝ። መልሱን ከዝምታዬ እስኪወስዱት ድረስ ጠበቁኝና መነጽራቸውን አውልቀው አጥፈው አስቀመጡት።

አልጮሁም። ተነሥተው ፊታቸውን ታጠቡ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና መልሰው አቃኑት፤ ገና አልሰሙማ። ከዚያ ሳሎኑን ዙሪያውን ቃኙት፤ የሌላ ሰው ቤት ገብተው እንደሚያደርጉት ማለት ነው።

"ጠረጴዛውን አንሺው" አሉኝ። "መስታወት ነው፤ ሰው ሲወድቅ ይቆረጣል።"

አነሣሁት።

"ውሃ በፕላስቲክ ብርጭቆ። ምንጣፉንም ጠቅልይው፣ ያደናቅፋል። ሄለንን የሚይዝ ሰው ይኑር፤ እሷ ወደኋላ ነው የምትወድቀው።"

ሁሉን አደረግሁ። እሳቸው ከበሩ ትይዩ ያለው ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ፤ ስንቱን ሰው ያስቀመጡበት ቦታ የት እንደሆነ ያውቁታል። በሩ ተንኳኳ።

ገቡ። ቄሱም ደርሰው ነበር፤ ሳሎኑ ሞላ። ጋሼ ተፈራ ከዘራቸውን ለሰው ሰጥተው ጀመሩ። "በላይነሽ እህቴ፣ እንደምን ዋልሽ? እንግዲህ ሰው ሆነን ስንፈጠር..." እያሉ ረጅሙን መንገድ ያዙ። እትዬ አላቋረጧቸውም። ዓይናቸውን ከጋሼ ተፈራ ፊት ሳይነቅሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እየተቀበሉ እስከ መጨረሻው አደመጡ። የወንድማቸው ስም ሲጠራ ብቻ ከወንበሩ ላይ ተነሡ፤ ከዚያ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አሥራ አምስት ሰው ይዟቸው ነበር። አንድም አልተጎዳም።

በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤቱ እንደሞላ፣ ከላስ ቬጋስ የመጣች ዘመዳቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ሁሉም የሚጠይቀውን ጠየቀቻቸው። "እንዴት ሰማሽ፣ እትዬ? ስልክ ላይ ነው? ሰው አመለጠው?"

እኔ ሻይ የያዘ ትሪ ተሸክሜ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ።

"ኧረ በሥርዓቱ ነው የሰማሁት" አሉ እትዬ። "ተፈራ ነው የነገረኝ፣ ሰው ሁሉ ባለበት። ከነሱ የቀደመ ማንም የለም።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልቀጠነም፤ አንገታቸው አልቀላም፤ እጃቸውም ከጉልበታቸው አልተነሣም።